ከመስመሩ በላይ የተጻፈው ቃል

ኤበንግሩንድ፣ ማኒቶባ
ጃንዋሪ 12 ቀን 1947

ለእህቴ ለአጋኔታ ቶውስ፣
ፓራጓይ፣ ቻኮ።

እስከ ዛሬ የጠበቀን አምላክ ሰላሙን ከባሕር ማዶ ላንቺና ለቤትሽ ያድርስ። እኛ አለን። ጤናችን ለሥራ ይበቃል፤ ለኩራት አይተርፍም።

ባለቤቴ ማርጋሬታ ኦክቶበር 20 ቀን ዐረፈች። ልቧ ነው። ሦስት ቀን ታማ በአራተኛው ሄደች። ቀባሪው ብዙ ነበር። እስከ ዛሬ በእኔ ስም ስትጽፍልሽ የኖረችው እሷ ናት። እኔ አሁን ብፈልግም አልችልም፤ ሁለቱንም ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል። ሰው በበሩ ሲገባ በቁመቱ ነው የምለየው። ስለዚህ ከእንግዲህ የምትጽፍልሽ የልጄ የዮሃን ልጅ ኡስቲና ናት። ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምራለች። ብዙ አትናገርም፤ ለጸሐፊ ደግ ጠባይ ነው።

ስንዴው መካከለኛ ነበር። በረዶው ከጋጣው መስኮት ደርሷል። አምስት አሳማ አርደናል። ሌላ አዲስ ነገር የለም።

ወንድምሽ ዲትሪሽ ፋልክ

————————

ከመስመሩ በላይ ያለው የአያቴ ቃል ነው። እሳቸው እንዳሉት ነው የጻፍኩት፤ አንድም አልጨመርኩም። ወረቀቱ ግማሽ ሲተርፍ «ባዶ ወረቀት ባሕር ማሻገር ኃጢአት ነው፤ አንቺ ሙዪው» ስላሉኝ ከመስመሩ በታች ያለው የእኔ ነው።

እማማ አጋኔታ፣ ምን ብዬ እንደምጠራዎት ስለማላውቅ እማማ ብያለሁ። ደብዳቤው በምን እንደሚሄድ አባቴን ጠይቄው «በባቡር፣ በመርከብ፣ በወንዝ ጀልባ፣ መጨረሻ ላይ በበሬ ጋሪ» አለኝ። እኔ ከዚህ ዐሥራ ሁለት ማይል ርቄ አላውቅም። ይህ እጄ የነካው ወረቀት ግን ያን ሁሉ ውኃ ሊያይ ነው።

በአሳማው እርድ ቀን ጎረቤቶቻችን ሁሉ መጥተው ነበር። በመንደራችን አራት ያኮብ ፔነር ስላሉ አንዱን ሰናፍጭ ያኮብ እንላቸዋለን፤ አባታቸው ሰናፍጭ ይዘሩ ነበርና። ሰናፍጭ ያኮብ አያቴን «ዲትሪሽ፣ ዓይንህ ካላየ ትልቁ ቋሊማ ሁልጊዜ እንዴት ነው አንተ ሳህን ላይ የሚገኘው?» አሏቸው። አያቴም «ሞራው አፍንጫዬን አልጋረደውም» አሉ። ሴቶቹ ሥጋ መፍጫውን አቁመው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ፊቴን ወደ ምድጃው አዙሬ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በመከር፣ የጌታ እራት ዕለት፣ እኛ ገና ለጥምቀት ያልደረስነው ከኋላ ተቀምጠን ነበር። የጉባኤያችን መሪ ሽማግሌ ፔነር ዳቦውን ይዘው በየአግዳሚው ሲዞሩ ሰው ሁሉ ተራ በተራ እየተነሣ ተቀበለ። አያቴ ጋ ሲደርሱ አያቴ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አልተነሡም። ሽማግሌውም እንደለመዱት አልፈው ሄዱ። አራት መቶ ሰው ተነሥቶ እሳቸው ብቻ ቀሩ። እናቴን ለምን እንደሆነ ብጠይቃት «ከእህታቸው ጋር ሰላም የላቸውም። ሰላም የሌለው ከማዕዱ አይቀርብም። ድንቹን ላጪ» አለችኝ።

እህታቸው እርስዎ ብቻ ነዎት።

በትሕትና፣ ኡስቲና ፋልክ


ቻኮ
ሜይ 4 ቀን 1947

ለወንድሜ ለዲትሪሽ ፋልክ።

ሕያዋንን የሚያኖር፣ ሙታንን የሚያስብ ጌታ ከቤትህ አይለይ። ደብዳቤህ የዘገየው በአገሩ ጦርነት ስለተነሣ ነው፤ የወንዙ ጀልባዎች ወታደር ይጭናሉ። ጦርነቱ እኛ ጋ አልደረሰም።

ማርጋሬታ በማረፏ አዝኛለሁ። የእጅ ጽሑፏን አውቀው ነበር፤ ፊደሏ ወደ ቀኝ ይወድቅ ነበር። ባሌ ገርሃርት ከሞተ አምስት ዓመት ሆነው። አሁን ከታናሹ ልጄ ጋር ነኝ። ኦቾሎኒው ደህና ነው፤ ጥጡን ግን አንበጣ ነካው። የእንስላል ዘርና ወፍራም የስፌት መርፌ ብትልኩልኝ ደስ ይለኛል። እዚህ እንስላል ይበቅልና ዘር ሳይሰጥ ይነዳል።

እህትህ አጋኔታ

ኡስቲና፣ ልጄ። ለእሱ ያልኩትን አንብቢለት። ይሄኛውን ለራስሽ ያዢው።

ጥሩ ዓይን አለሽ። ያየሽው እውነት ነው። እኔም እዚህ ከማዕዱ አልቀርብም። ሽማግሌያችን ዳቦውን ይዘው ሲመጡ እኔም እጄን ጉልበቴ ላይ አደርጋለሁ። ያንን ከማን እንደተማርኩት አላውቅም፤ ምናልባት የአባታችን ነው። ሃያ ዓመት ሊሞላን ነው። እሱ ሃምሳ ስምንት፣ እኔ ስልሳ አራት። ወደዚህ አገር በመጣን በመጀመሪያው ዓመት እሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈልኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ስንዴና ስለ ዝናብ ስንጻጻፍ ኖርን። ምን እንደጻፈ አትጠይቂኝ። የጻፈው ሰው ነው የሚያነሣው። ካላነሣው ከእኛ ጋር ይቀበራል።

እናታችን እሱን በወለደችበት ሰሞን ስለታመመች በማንኪያ ወተት ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ይህንን ለምን እንደነገርኩሽ አላውቅም።

አጋኔታ ቶውስ


ኤበንግሩንድ፣ ማኒቶባ
ኦገስት 31 ቀን 1947

ለእህቴ ለአጋኔታ ቶውስ።

ዝናብን በጊዜው የሚሰጥ አምላክ በአንበጣው ፈንታ ያብዛልሽ። መርፌውና የእንስላሉ ዘር በዚህ ውስጥ አለ።

ዮሃን በጁላይ ከጋጣው ጣሪያ ወድቆ እግሩ ተሰብሯል። አጥንቱ ገጥሞለታል፤ ግን እስከ በረዶው ድረስ አይሠራም። ስንዴው ጥሩ ነው። ጎረቤቶች አጭደው ወቅተውልን በአንድ ቀን አስገቡት። እኔ ተቀምጬ ሰማሁ።

ሌላ አዲስ ነገር የለም።

አጋኔታ፣ በመካከላችን ስላለው ነገር ይቅር በይኝ።

ወንድምሽ ዲትሪሽ ፋልክ

————————

እማማ አጋኔታ፣ ስለዚያ ቀን ልንገርዎት፤ ለሌላ ለማንም አልነገርኩም።

አባቴ አልጋ ላይ ነበር። ስንዴው ቆሞ እየደረቀ ነው። እናቴ መስኮቱ ጋ ሄዳ ትመለሳለች። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጤዛው ሳይነሣ ድምፅ ሰማን። በመጀመሪያ ከምሥራቅ፣ ቀጥሎ ከሁሉም ወገን። ስወጣ መንገዱ በትራክተር ተሞልቷል። ማንም አልጠራቸውም። ማንም ደህና አደራችሁ ለማለት አልወረደም። በቀጥታ ወደ ማሳው ገቡ። ዐሥራ አንድ ትራክተር፣ አራት መውቂያ፣ የጋሪውን ብዛት አልቆጠርኩትም።

አያቴ ወንበር አውጪልኝ አሉኝ። በረንዳው ላይ ተቀምጠው አገጫቸውን ከፍ አድርገው ያዳምጡ ጀመር። «ይሄ የቲሰን ነው። ያኛው ትንሹ ሂልደብራንት፤ አባቱ ሳይፈቅድለት የወሰደው ነው፣ ማርሽ ሲቀይር ይፈራል» ይላሉ። እኔ አያለሁ፤ እውነት ነው። አንዱ እየተንኳኳ ሲያልፍ «ሰናፍጭ ያኮብ። እሱ ዘይት የሚቀባው ዳቦውን ብቻ ነው» አሉ። ሁሉንም በድምፁ ጠሩት፤ አንድም አልተሳሳቱም። በመጨረሻ «ስንት ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «አንድ ጎድሏል» አሉ። ሳይ ከጎተራው ኋላ አንድ ሞተሩን አጥፍቶ የቆመ ነበር። ዐሥራ ሁለት ነበሩ።

ጀንበር ስትጠልቅ ማሳው ባዶ ነበር። ሰዎቹ አንዱ ባንዱ ላይ የተደረበ ትንንሽ ዳቦና የተጨሰ ሥጋ በልተው ሄዱ። አባቴ በመስኮቱ እጁን ሲያወጣ ሰናፍጭ ያኮብ «እግርህን ጠብቀው፤ የሚቀጥለው ዓመት የመውደቁ ተራ የእኔ ነው» አሉት።

እኔ ባዶው ማሳ ውስጥ ገብቼ ቆምኩ። ይህን ያህል ሰው ሳይጠራ የሚመጣ ከሆነ፣ ሁለት ሰው ብቻ እንዴት ነው መምጣት የማይችለው ብዬ አሰብኩ።

ኡስቲና


ቻኮ
ኖቬምበር 30 ቀን 1947

ለወንድሜ ለዲትሪሽ።

የታሰረውን የሚፈታ ስሙ ይባረክ። ከዚህ በላይ ሰላምታ ዛሬ አላውቅም።

ደብዳቤህን ከጋሪው ላይ ተቀብዬ እዚያው ፀሐይ ላይ ቆሜ አነበብኩት። ልጄ «እማዬ፣ ማን ሞተ?» አለኝ። ማንም አልሞተም አልኩት። ሳምንት ሙሉ ለማንም ሳላሳይ በመደረቢያዬ ኪስ ይዤው ዞርኩ። ላም ሳልብ፣ ኦቾሎኒ ስለቅም እዚያው ነበር። ስለ ስንዴ ስትጽፍልኝ፣ ስለ ስንዴ ስመልስልህ፣ ሃያ ዓመት። አሁን ስለ ስንዴ ጽፈህ ስትጨርስ፣ «ሌላ አዲስ ነገር የለም» ካልክ በኋላ፣ ያንን አልክ።

ይቅር ብዬሃለሁ።

ባለፈው እሑድ ሽማግሌያችን ዳቦውን ይዘው መጡ። እዚህ ስንዴው ስለማይበቃ ማሽላ ይገባበታል። ሊያልፉኝ ሲሉ ተነሣሁ። እጃቸው ቆመ። አጠገቤ ያሉት ሴቶች ሲተነፍሱ ሰማሁ። በላሁ። ጣዕሙን ረስቼው ነበር።

አሁን አንተም ቅረብ። በየትኛው እሑድ እንደቀረብክ ይጻፍልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። መርፌ አትላኩ።

እህትህ አጋኔታ


ኤበንግሩንድ፣ ማኒቶባ
ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1948

እማማ አጋኔታ።

በእግዚአብሔር ስም ሰላም ልበልዎት ወይ ብዬ ብዙ አሰብኩ። ሰላም የማለት ፊት የለኝም።

ዛሬ ከመስመሩ በላይ ምንም የለም። አያቴ ይህን ደብዳቤ እየጻፍኩ መሆኔን አያውቁም። በኦገስት «ይቅር በይኝ» የሚለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አያቴ አላሉትም። እሳቸው «ሌላ አዲስ ነገር የለም» ብለው ፒፓቸውን ሊያቀጣጥሉ ዞሩ። ከዚያ ቃልና ከስማቸው መካከል አንድ መስመር የሚያህል ቦታ ነበር። በእሳቸው ቃል ውስጥ፣ ከመስመሩ በላይ ጻፍኩት። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ያ ነው አሁን የሚያስፈራኝ።

ክፉ አላሰብኩም። እርስዎ ይህን ሲያነቡ ደግ ነገር ይጽፋሉ፣ እሳቸውም ደጉን ሰምተው ልባቸው ይለሰልሳል፣ ከዚያ ቃሉ እውነት ይሆናል ብዬ ነበር። ስንዴ እንደሚዘራ አድርጌ ነበር ያየሁት።

የኖቬምበሩ ደብዳቤዎ በጃንዋሪ ደረሰ። ሳነበው ዳቦውን እንደበሉ አወቅኩ። ለአያቴ ሳነብላቸው ሰላምታውን፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ ኦቾሎኒው ብቻ አነበብኩ። አያቴ «እህቴ ዘንድሮ ብዙ ጽፋለች፤ ወረቀቱ ሁለት ጊዜ ሲገለበጥ ሰማሁ። አንቺ ግን ቶሎ ጨረስሽ» አሉ። «ፊደሉ ትልልቅ ነው» አልኳቸው። ያ ሁለተኛው ውሸት ነው።

በዚህ ክረምት ከዘጠኝ ልጃገረዶች ጋር ለጥምቀት እየተማርኩ ነው። ጥያቄውንና መልሱን ሁሉ በቃሌ አውቃለሁ። ሽማግሌ ፔነር ሲጠይቁኝ ድምፄ ስለማይሰማ «ለእግዚአብሔር ነግረሽው ከሆነ ይበቃል፤ እኛም ግን ብንሰማ ደስ ይለናል» ይላሉ፤ ሁሉም ይስቃል። በበዓለ ኃምሳ ውኃው ሊፈስብኝ ነው። እርስዎ በእኔ ውሸት ላይ በልተዋል። እኔ በዚያው ላይ ልጠመቅ ነው።

ምን ላድርግ? የሚሉኝን አደርጋለሁ።

ኡስቲና


ቻኮ
ኤፕሪል 4 ቀን 1948

ኡስቲና።

እውነትን የሚወድ ጌታ ይርዳሽ።

የጻፍሽው ደረሰኝ። ልጅ ናት ብዬ ልተወው ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ደግ አስበሽ ነው፤ አምናለሁ። እኔ ግን ማንም ባልዘረጋው እጅ ላይ ተደግፌ ቆሜ ነበር። ባለፈው እሑድ ተነሥቼ ለጉባኤው ነገርኩ። ይቅርታ ተጠየቅኩ ብዬ በላሁ፤ የጠየቀኝ የለም አልኩ። አሁን እንደገና እጄ ጉልበቴ ላይ ነው። ከበፊቱ ይከብዳል። በፊት ጣዕሙን ረስቼው ነበር።

በዚህ ውስጥ የታሸገ አንድ ወረቀት አለ። ለዲትሪሽ ነው። አንቺ እንዳታነቢለት። ለሽማግሌያችሁ ስጪና እሳቸው ያንብቡለት፤ አንቺ አጠገቡ ቁጭ በይ። ለሽማግሌው ምን እንዳደረግሽ ራስሽ ትነግሪያቸዋለሽ።

ተቆጥቻለሁ። ግን ጻፊልኝ።

አጋኔታ ቶውስ


ኤበንግሩንድ፣ ማኒቶባ
ጁን 20 ቀን 1948

እማማ አጋኔታ።

ያየሁትን በእውነት እንድጽፍ እግዚአብሔር እጄን ይያዘው። አያቴ «መጀመሪያ የሆነውን ንገሪያት፤ የእኔን ከታች አድርጊው። ከእኔ በታች አንድ ፊደል እንዳትጨምሪ» ስላሉኝ ዛሬ የእኔ ከላይ ነው።

ደብዳቤዎ የደረሰው የበዓለ ኃምሳ ሳምንት ሊገባ ሲል ነው። የታሸገውን በመደረቢያዬ ስር ይዤ ወደ ሽማግሌ ፔነር ሄድኩ። ከላሞቹ ስር ፍግ ይዝቁ ነበር። «ኡስቲና ፋልክ። ዛሬ ድምፅሽን ልሰማ ነው መሰለኝ። ከፍጉ ልውጣ ወይስ እዚሁ ትነግሪኛለሽ?» አሉኝ። «እዚሁ» አልኳቸው። ላሞቹ ፊት ይቀለኝ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። መንሹን ግድግዳው ላይ አስደግፈው እጃቸውን ታጠቡ። ለረጅም ጊዜ ታጠቡ። ከዚያ «እንሂድ» አሉ።

አያቴ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ጋ ነበሩ። ሽማግሌው አነበቡ። እርስዎ የጻፉትን ያውቁታል፤ እኔ ግን ያኔ ነው የሰማሁት። «ዲትሪሽ፣ በስምህ አንድ ቃል መጥቶልኝ ነበር። የአንተ አይደለም አሉኝ፤ ስለዚህ መልሼዋለሁ። በ1928 የጻፍከው ግን የአንተ ነው። ወረቀቱ እኔ ጋ አለ። ዛሬም ቃልህ ከሆነ እኔው ጋ ይቆይ። ካልሆነ መጥተህ ውሰደው።»

አያቴ «ፔነር፣ ድገምልኝ» አሉ። ደገሙላቸው።

«እኔ የጠየቅኩ መስሏት ነው የበላችው?»

«አዎ።»

«አሁንስ?»

«አሁን አትበላም።»

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ እንደማያዩኝ አውቃለሁ፤ ግን ወደ እኔ ነበር። «ኡስቲና፣ አፌ ሰው የለቀቀው ቤት መሰለሽ?» አሉኝ። ተነሥተው ግድግዳውን እየዳሰሱ ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ስድስት ሳምንት አላናገሩኝም። «ልጅቷን ጨው ታቀብለኝ በያት» ይሉ ነበር ለእናቴ፤ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ። በበዓለ ኃምሳ ዘጠኙ ልጃገረዶች ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው ተንበርክከው ውኃው ፈሰሰባቸው። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ሽማግሌ ፔነርን እኔ ራሴ ነኝ ለከርሞ አቆዩኝ ያልኳቸው። ውኃው ከማሰሮው ሲወርድ ከሩቅ አየሁት። ቆንጆ ነበር። አላለቀስኩም።

ከዚያ የእርቁ እሑድ መጣ፤ ከጌታ እራት በፊት ያለው። ሽማግሌው እንደልማዱ ቆመው «ከወንድሙ ጋር ወይም ከእህቱ ጋር ሰላም የሌለው ሰው ካለ አሁን ይናገር» አሉ። ማንም ተናግሮ አያውቅም። አንዲት አጭር ጸሎት የምታህል ጊዜ ይጠበቃል፣ ከዚያ ዜማ አውጪዎቹ ይጀምራሉ።

ከወንዶቹ በኩል አግዳሚ ሲንቋቋ ሰማሁ። አያቴ ቆመዋል። የፊተኛውን ወንበር ጀርባ በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«እኔ ዲትሪሽ ፋልክ ነኝ» አሉ፣ የማያውቃቸው ሰው ያለ ይመስል። «በ1928 በማርች እህቴ ከወንዙ ዳር የጻፈችው ደረሰኝ። መሬቱ ገና አልተከፋፈለም፣ በድንኳን ነን፣ በሦስት ሳምንት ሦስት ልጆቼን ቀበርኩ አለችኝ። ስትሄድ አትሂጂ ብያት ነበር። እኔ ልክ በመሆኔ ደስ አለኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦ ልጆችሽን የገደላቸው ትኩሳት አይደለም፤ ግትርነትሽ ነው።»

እማማ፣ አራት መቶ ሰው ነበር። ሕፃናት ነበሩ።

«ማርጋሬታ አትላከው ብላ ለመነችኝ። ፈረሶቹ ደክመው ስለነበር በእግሬ ፖስታ ቤት ወሰድኩት። ስምንት ማይል ነው፣ በረዶ ነበር። በዚያ ስምንት ማይል ውስጥ በየትኛውም ቦታ መመለስ እችል ነበር።»

ሽማግሌ ፔነር አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ አያቴ እጃቸውን አነሡ። «ይቅር ተብለሃል እንዳትሉኝ። ያንን የምትለው እሷ ናት። እስክትል ድረስ እጠብቃለሁ» አሉና ተቀመጡ።

ዜማ አውጪዎቹ አልጀመሩም። ሽማግሌው «እንጸልይ» ብቻ አሉ። ሁላችንም ተነሥተን ዞርን፣ ወደ አግዳሚዎቹ ተንበረከክን። ሁልጊዜ የምናደርገው ነው፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ የሰማሁት ድምፅ ነው፤ አራት መቶ ሰው ጉልበቱ ወለሉን ሲነካ። በዚያ ቀን ግን ምድር የዞረች መሰለኝ። ጸሎቱ የዝምታ ነው፤ ማንም አይናገርም። ብዙ ጊዜ ሽማግሌው ቶሎ ይነሣሉ። ያን ቀን አልተነሡም። የአግዳሚው እንጨት ግንባሬን እስኪያመኝ ድረስ ተንበርክከን ቆየን። ማንም አልሳለም፣ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሰው ሁሉ ለአንድ ሰው ሲሸከም ምን ያህል ዝም እንደሚል ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። ፈራሁ። ግን ከዚያ ቦታ እንድነሣ አልፈለግኩም።

ውጭ ስንወጣ ሰናፍጭ ያኮብ መጥተው የአያቴን ክንድ ያዙ። «ዲትሪሽ፣ ዛሬ ቀልድ የለኝም» አሏቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ አያቴ።

በሚቀጥለው እሑድ ዳቦው ሲዞር አያቴ አልተነሡም። ሽማግሌው ግን እንደ ድሮው አላለፏቸውም። አጠገባቸው ለአፍታ ቆሙ፤ ከዚያ ሄዱ።

ዛሬ ጠዋት «ልጅቷን» አላሉም። «ኡስቲና፣ ብዕርሽን አምጪ» አሉኝ። ከዚህ በታች ያለው የእሳቸው ነው።

————————

አጋኔታ፣

በ1928 የጻፍኩት የእኔ ቃል ነበር። መጥቼ መውሰድ ስለማልችል በዚህ ወሰድኩት በይ። ልጆችሽን የገደላቸው ትኩሳት ነው። አንቺ እናታቸው ነበርሽ፤ የምትችይውን አድርገሻል። ይቅር በይኝ።

ዲትሪሽ


ቻኮ
ኦገስት 29 ቀን 1948

ለወንድሜ ለዲትሪሽ።

ሁለታችንንም እስከ ዛሬ ያቆየን ለዚህ ከሆነ፣ ምስጋና ለእርሱ ይሁን።

ይህንን የምታነብልህ ኡስቲና ትሁን። ኡስቲና፣ ቀስ ብለሽ አንብቢለት፤ አንድም አትዝለይ።

ደብዳቤህ ሐሙስ ደረሰ። የ1928ቱን ወረቀት ቅዳሜ ዳቦ ስጋግር ከእሳቱ ጨመርኩት። እንደማንኛውም ወረቀት ነደደ።

አንድ ነገር ልንገርህ። ሃያ ዓመት ሙሉ ልጆቹን ላስብ ስል የማየው የአንተን ጽሑፍ ነበር። ፊታቸው አይመጣልኝም ነበር፤ ያ ዓረፍተ ነገር ፊታቸው ላይ ቆሞ ነበር። ትናንት ማሽላ ስሰፍር ካታሪና መጣችልኝ። የፊት ጥርሶቿ መሃላቸው ክፍት ነበር፤ በዚያ በኩል ታፏጭ ነበር። ረስቼው ነበር። ከዚያ ፔተር መጣ። ከዚያ ሕፃኑ። መስፈሪያውን ይዤ ቁጭ አልኩ። ምራቴ ምን ሆነሽ አለችኝ። እንግዳ አለብኝ አልኳት።

ይቅር ብዬሃለሁ። አሁን የጠየቅከኝ አንተ ነህ፤ የምመልስልህም እኔ ነኝ።

በኦክቶበር ሽማግሌያችሁ ዳቦውን ይዘው አንተ ጋ ሲደርሱ፣ ተነሥ። እኔም እዚህ እነሣለሁ።

ብላ፣ ዲትሪሽ።

አጋኔታ